ከጎንደር ሆኖ ስቶክ ፎቶ መሸጥ፦ ገንዘቡ የት አለ፣ የት የለም

ጎንደር ካሜራ የያዘ ወጣት አላጣችም። ሠርግ ያነሳል፣ ምረቃ ያነሳል፣ ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ ጥምቀተ ባሕሩ ዙሪያ ቦታ ለመያዝ በሌሊት ይወጣል። ሃርድ ዲስኩ ይሞላል። ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ አድናቆቱ ይጎርፋል። ኪሱ ግን ያው ነው። ታዲያ አንድ ቀን ጓደኛው «የማውቀው ልጅ ፎቶውን በኢንተርኔት ለፈረንጅ እየሸጠ በዶላር ይከፈለዋል» ይለዋል። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም።

እውነት ነው ወይ? እውነት ነው። ማንም ሰው የባለሙያ ወረቀት ሳይጠየቅ ከቤቱ ሆኖ ሊሸጥ ይችላል። ግን ከአንድ ሽያጭ የሚገኘው ሳንቲም ነው። የሚፈለገውም ፎቶ ብዙዎቻችን በኩራት የምናሳየው ዓይነት አይደለም። ሥራ የሚበዛው ደግሞ ካሜራው ላይ ሳይሆን ወረቀቱና ጽሑፉ ላይ ነው። ይህን ሳያውቁ የገቡ ብዙ ልጆች ሦስት ወር ሳይሞላቸው ይተዉታል።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

ስቶክ ፎቶ ማለት ማንም ሳያዝዘው ተነስቶ፣ ገዢ እስኪመጣ ኤጀንሲ ዘንድ የሚቀመጥ ፎቶ ነው። ናይሮቢ ያለ የእርዳታ ድርጅት ስለ እናቶች ጤና ሪፖርት ያዘጋጃል እንበል። ጀርመን ያለ ቡና ቆይ ለማሸጊያው ፎቶ ይፈልጋል። እነዚህ ሰዎች ፎቶ አንሺ ቀጥረው፣ ትኬት ቆርጠው ኢትዮጵያ አይልኩም። ኤጀንሲው ድረ ገጽ ላይ ገብተው ሁለት ሦስት ቃል ይጽፋሉ፣ የወደዱትን ከፍለው ያወርዳሉ። ኤጀንሲው የራሱን ድርሻ ይቆርጥና የቀረውን በፎቶ አንሺው ሂሳብ ላይ ያስገባል።

ፎቶው ግን ከእጃችሁ አይወጣም። ገዢው የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው። ባለቤቱ እናንተው ናችሁ፤ ያንኑ ፎቶ ነገ ለሌላ፣ ከነገ ወዲያ ለሦስተኛ ሰው ትሸጡታላችሁ። ከአንድ ኤጀንሲ ጋር ብቻ ለመሥራት ካልፈረማችሁ በቀር አራትና አምስት ቦታም ማስቀመጥ ይቻላል። በአገራችንም ሕግ ፎቶ የአንሺው ሥራ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጠብቀዋል።

ድሮ ይህ ገበያ ለባለሙያ ብቻ የተከፈተ ነበር። በ2000 (እዚህ ያሉት የኩባንያ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) አይስቶክ የሚባል የካናዳ ድረ ገጽ መጣና አማተሩን አስገባ፤ ዋጋውንም አወረደው። ሻተርስቶክ በ2003 ኒውዮርክ ላይ ተከፍቶ በወር ክፍያ እንደልብ ማውረድን አስለመደ። ትልቁ የፎቶ ኤጀንሲ ጌቲ ኢሜጅስ አይስቶክን በ2006 በ50 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። የፎቶሾፑ አዶቤም ፎቶሊያ የሚባለውን ኤጀንሲ በ800 ሚሊዮን ዶላር ጠቅልሎ አዶቤ ስቶክን አቆመ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ጌቲና ሻተርስቶክ ለመዋሃድ መስማማታቸውን አስታወቁ። መደብሩ እያነሰ፣ ፎቶ የሚያቀርበው ሰው እየበዛ ነው። ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ ከዚህ መገመት አያቅትም።

ስንት ይገኛል?

እዚህ ላይ እስክሪብቶ ይዘን እንሥራው።

ሻተርስቶክ ከጁን 2020 ጀምሮ የሚከፍለው በደረጃ ነው፤ ከሽያጩ ከ15 እስከ 40 በመቶ። ደረጃው የሚወጣው ፎቷችሁ በዓመቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደወረደ ተቆጥሮ ነው። እስከ 100 ጊዜ ድረስ ያለው 15 በመቶ ላይ ይቆያል። የሚያበሳጨው ነገር ጃንዋሪ 1 ሲመጣ ቆጠራው ከዜሮ መጀመሩ ነው። ዓመቱን ሙሉ ለፍታችሁ የወጣችሁት ደረጃ የኛ ገና ሳይደርስ ይወርዳል። ትንሹ ክፍያ ደግሞ በአንድ ማውረድ 10 ሴንት ነው።

አዶቤ ስቶክ ለፎቶ 33 በመቶ ይከፍላል። በወር ደንበኝነት ለሚወርድ ፎቶ ትንሹ 33 ሴንት ነው፤ እንደ ሻተርስቶክ በየጃንዋሪው ወደ ታች አይመልሳችሁም። አይስቶክ ለእሱ ብቻ ላልፈረመ ሰው 15 በመቶ ይሰጣል። አላሚ የሚባለው የእንግሊዝ ኤጀንሲ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሽያጩ ግን ጠብ የሚለው ከስንት አንዴ ነው።

ገንዘቡም እንደተሸጠ አይመጣም። አዶቤ ዘንድ 25 ዶላር ሳይሞላ አውጡልኝ ማለት አይቻልም። በ33 ሴንት ሂሳብ 76 ጊዜ መውረድ አለበት። 10 ሴንት እየተከፈላችሁ ቢሆን ኖሮ ያንኑ 25 ዶላር ለመሙላት 250 ጊዜ ያስፈልግ ነበር። አካውንት ከፍታችሁ ሃያ ፎቶ ካስገባችሁ በኋላ በሳምንቱ «እስካሁን ምንም የለም» ብትሉ የማይገርመው ለዚህ ነው።

«ቢሆንም ዶላር ነው» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ትንሽ ዶላር እዚህ ሲመነዘር ከድሮው ይሻላል። ያው የሜሞሪ ካርዱም፣ የሌንሱም ዋጋ አብሮት ነው የተሰቀለው።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ለስቶክ ፎቶ ተብሎ ካሜራ በብድር አይገዛም። ሠርግ የምትሠሩ ከሆነ ሠርጉን እንዳትተዉ። ስቶክ የሚያዋጣው ቀድሞውንም ካሜራ ላለውና እያነሳ ለሚውል ሰው ነው። አንድ ጥቅም ግን አለው። ዛሬ ያስገባችሁት ፎቶ ከሁለት ዓመት በኋላም ሊሸጥ ይችላል። ሠርግ አንዴ ከተከፈለ አለቀ፤ ይህኛው ግን ተቀምጦ ይጠብቃል። ገቢ የሚታየው ፎቶው መቶዎች ሲደርስ፣ ያውም ርእሱ የተለያየ ሲሆን ነው።

ግንቡን ሁሉም አንስቶታል

ጎንደሬ ካሜራ ሲይዝ መጀመሪያ የሚሄደው ፋሲል ግቢ ነው። አይፈረድበትም። በፈረንጅ ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፣ ያምራልም። ችግሩ ግን ባለፉት ሃያ ዓመታት ጎንደርን የረገጠ ቱሪስት ሁሉ ያንን ግንብ ከዚያው ማዕዘን አንስቶታል። በየኤጀንሲው ተደርድሮ ይገኛል። ገዢው ማነው? አንድ የጉዞ ድርጅት፣ አንድ የጉዞ መጽሔት። ቅዳሜ ገበያ የወጣው ሁሉ ሽንኩርት ይዞ ከመጣ ጥሩ ሽንኩርትም ዋጋ አያወጣም። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉት መላእክትም እንደዚሁ ናቸው። የሰሜን ተራሮች ጭላዳም በትልልቅ ሌንስ በሚመጡ ፈረንጆች ተነስቶ አልቋል።

የጎደለው ሌላ ነገር ነው። ስለ አፍሪካ ጤና፣ ትምህርት፣ ንግድ፣ ቴክኖሎጂ የሚጽፍ ሰው የሚፈልገው ተራውን ኑሮ ነው። ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት የምታቀብል ባለሙያ። ማራኪ አካባቢ ካፌ ውስጥ ላፕቶፕ ከፍታ የምታጠና ተማሪ። የቀኑን ገቢ የሚቆጥር የባጃጅ ሹፌር። በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ስትጋገር። ሳር ቤት ጣሪያ ላይ የተቀመጠች ትንሽ የሶላር ፓኔል። ደንቢያ ወርዶ ደግሞ የጤፍ አጨዳና ውቂያ፣ ከሥር ከሥሩ፣ ደረጃ በደረጃ። በዓለም ላይ ስለ ጤፍ የሚጽፍ ሰው እየበዛ ነው፤ ጤፍን ከማሳ እስከ ምጣድ የሚያሳይ ንጹሕ ተከታታይ ፎቶ ግን እንደ ግንቡ አልተትረፈረፈም።

ፒያሳም አለላችሁ። ጣሊያን በፈረንጅ 1930ዎቹ የሠራቸው ሕንፃዎች፣ የቀድሞው ሲኒማ ቤት፣ የተጠጋጉት በረንዳዎች። ስለ ሥነ ሕንፃ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ይፈልጉታል። እኛ ግን በየቀኑ በሥሩ እያለፍን ቀና ብለን አናየውም።

አንድ የቡና ፎቶ፣ ገምጋሚው እንደሚያየው

አሁን አንድ ፎቶ ይዘን ጠጋ ብለን እንየው። ቤት ውስጥ ቡና ተፈልቷል። ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ረከቦቱ ላይ ስኒ ተደርድሯል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ እትዬ ከጀበናው ይቀዳሉ። ከመስኮት የሚገባው ብርሃን ጭሱን ይዞታል። ፌስቡክ ላይ ቢወጣ ሺህ ላይክ አለው። ኤጀንሲ ላይ ቢላክስ?

ገምጋሚው፣ ማለትም ኤጀንሲው ፎቶ ለመቀበል ወይም ለመመለስ የመደበው ሰው፣ ፎቶውን መቶ በመቶ አሳድጎ ያያል። ጨለማው ጥግ ላይ ቅንጣት ቅንጣት የሚል ነጠብጣብ አለ፤ አይኤስኦ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት፣ ስለበዛ ነው። ትኩረቱ ያረፈው ጀበናው ላይ ሳይሆን ከኋላ መጋረጃው ላይ ነው። ስኳሩ የተቀመጠበት ዕቃ ላይ የዘይት ፋብሪካ ምልክት አለ። ግድግዳው ላይ የባንክ ካላንደር ተሰቅሏል፤ መቼስ የባንክ ካላንደር ያልሰቀለ ቤት የት አለ? አጠገቡ ደግሞ የቅድስት ማርያም ሥዕል አለ፤ ሠዓሊ የሠራው፣ የሌላ ሰው መብት ያለበት ሊሆን ይችላል። ቲቪው በርቷል፣ የጣቢያው አርማ ጥግ ላይ ይታያል። ጫፍ ላይ ግማሽ ፊቱ የገባ ሕፃን የአርሴናል ማልያ ለብሷል። እትዬ ደግሞ ፊታቸው ቁልጭ ብሎ እየታየ የፈረሙት ወረቀት የለም።

ይህ ፎቶ ለማስታወቂያ ሥራ አያልፍም። ነገር ግን ያው ቡና፣ ያው ቤት ሌላ ፎቶ ይወጣዋል። ካላንደሩን አውርዱ። ቲቪውን አጥፉ። የስኳሩን ዕቃ ምልክት በሌለው ቀይሩ። ረከቦቱን ወደ መስኮቱ አስጠጉ። ከዚያ እጅና ጀበና ብቻ አንሱ፤ ቡናው ወደ ስኒ ሲወርድ። ፊት የለም፣ አርማ የለም፣ ከጎን ባዶ ቦታ አለ። ባዶው ቦታ ሞኝነት አይደለም፤ ገዢው ጽሑፉን የሚያሰፍርበት ነው።

ስለ ካሜራው ብዙ አልልም። ሻተርስቶክና አዶቤ የሚጠይቁት ቢያንስ 4 ሜጋፒክስል ነው፤ ጥሩ ስልክም በቀን ብርሃን ይበቃዋል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ናት፣ የቀትር ፀሐይዋ ፊት ላይ ጥቁር ጥላ ይጥላል። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ማታም ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ያለው ብርሃን ከማንኛውም ፊልተር ይሻላል። ቀለሙን ከመጠን በላይ አታጋንኑት። ሰማዩን ሐምራዊ ያደረገ ፎቶ ገዢው አይፈልገውም።

«አንሺኝ» ማለት «ሽጪኝ» ማለት አይደለም

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለፈቃዱ በሕዝብ ፊት ማሳየት፣ ማባዛት ወይም ለሽያጭ ማቅረብ አይቻልም ይላል። ለሽያጭ የሚለውን ልብ በሉ። ኢንተርኔት ሳይታሰብ የተጻፈ ነው፣ የዛሬውን ጉዳይ ግን ቁልጭ አድርጎ ይዞታል። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ይዘረዝራል፤ ከነዚህ አንዱ በአደባባይ የሚደረግ ሥነ ሥርዓት ነው።

ኤጀንሲዎቹም ፎቶን ለሁለት ይከፍሉታል። አንዱ የንግድ ፎቶ ነው፤ ማስታወቂያና ማሸጊያ ላይ ይወጣል። በዚህ ውስጥ ማንነቱ የሚለይ ሰው ካለ «ሞዴል ሪሊዝ» የሚባል የተፈረመ የስምምነት ወረቀት ግዴታ ነው። እያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ይፈርማል፣ ምስክርም ይፈርማል፤ ለልጅ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ይፈርማል። ሁለተኛው ኤዲቶሪያል ነው፤ ለዜና፣ ለመጽሔት፣ ለትምህርት የሚሆን። እዚህ ላይ ፊርማ አይጠየቅም፣ አርማም ቢታይ ችግር የለም። በምትኩ ማስታወቂያ ላይ መጠቀም ክልክል ነው፤ ሽያጩም ብዙ ጊዜ ያንሳል።

«እትዬ፣ ቡና ሲቀዱ ላንሳዎት?» ብትሏቸው «አንሺኝ ልጄ፣ ምን ቸገረኝ» ይላሉ። ይህ የመነሳት ፈቃድ ነው። «ፎቶዎት ማስታወቂያ ላይ ሊወጣ ይችላል። የትኛው አገር፣ ለየትኛው ዕቃ እንደሚሆን እኔም አላውቅም። አንዴ ከወጣ መመለስ አይቻልም። ለዚህ አሁን ይህን ያህል እከፍልዎታለሁ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ከሆነ በአማርኛ አንብባችሁ አስረዷቸው። ፊርማ ሲባል የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው፣ ምክንያትም አለው። እምቢ ካሉ እምቢ ነው፤ ተጨዋውቶ ቡናውን ጠጥቶ መውጣት ነው። እሺ ካሉ ደግሞ ከክፍያው ሌላ ፎቷቸውን አሳጥባችሁ ውሰዱላቸው። ፎቶ አንሺ «እልክልዎታለሁ» ብሎ ጠፍቶባቸው የማያውቅ ሰው እዚህ ከተማ ያለ አይመስለኝም።

እኔ የምመክረው ጀማሪ ከቤተሰቡና ከጓደኞቹ እንዲጀምር ነው። እህት፣ የአጎት ልጅ፣ የሠፈር ልብስ ሰፊ። ነገሩን በቅጡ ያስረዷቸዋል፣ ፊርማውም አያስቸግርም፣ ፎቶውም ተፈጥሯዊ ይሆናል።

ጥምቀት፣ መስቀልና ሌላው የአደባባይ በዓል ግን ኤዲቶሪያል ነው። ሺህ ሰው አስፈርሞ የሚጨርስ የለም። እዚህ ላይ ትልቁ ጉዳይ መግለጫው ነው፤ ከተማው፣ አገሩ፣ ቀኑ፣ ከዚያ ምን እየሆነ እንዳለ። ቀኑ በፈረንጅ መሆን አለበት። ጥር 11 ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን 20 ይሆናል፣ በ2016 እንደሆነው። ካሜራችሁን ሰዓቱን በሐበሻ ሞልታችሁት ከሆነ ወይም ባትሪ ሲወጣ ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ከሆነ ፋይሉ ውስጥ ያለው ቀንና የጻፋችሁት ይጋጫል፤ ፎቶው ይመለሳል። ከበዓሉ በፊት አስተካክሉት። ኤዲቶሪያል ፎቶ ላይ ደግሞ ምንም አይጨመርም፣ ምንም አይቀነስም። ታቦቱን ከሚያጅቡት ፊት የተጋረጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ቢኖር እንኳ ይቆያል።

ቦታም ፈቃድ ይጠይቃል። ፋሲል ግቢ ለመግቢያ የምትቆርጡት ቲኬት ለመጎብኘት ነው፤ ለንግድ ማንሳት ከፈለጋችሁ ቢሮውን ጠይቃችሁ በጽሑፍ ያዙት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አባቶችን ሳያስፈቅዱ ካሜራ አይወጣም፤ በጥንት ሥዕል ላይ ፍላሽ ፈጽሞ አይበራም። ድሮን ያለ ኢንሳ (የመረጃ መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድ አይነሳም። ወታደርና ኬላ ያለበትን ነገር ደግሞ ምን ቢያምር እለፉት። ለ33 ሴንት የሚጠየቅ ሰው አትሁኑ።

ያልተጻፈበት ፎቶ አይገኝም

ገዢው ፎቷችሁን የሚያገኘው በዓይኑ ሳይሆን በቃል ፈልጎ ነው። ስለዚህ ርእሱና ቁልፍ ቃላቱ ከፎቶው እኩል ዋጋ አላቸው። ሻተርስቶክ እስከ 50፣ አዶቤ እስከ 49 ቃል ይቀበላል። አዶቤ ላይ ቅደም ተከተሉ ይቆጠራል፤ የመጀመሪያዎቹ አሥር ቃላት ከሌላው ይበልጣሉ።

የሸማኔ ፎቶ ይዛችኋል እንበል። «ውብ»፣ «ድንቅ»፣ «አስደናቂ» ብሎ የሚፈልግ ገዢ የለም። የሚጽፈው ሽመና፣ ጥጥ፣ እጅ፣ የእጅ ሥራ፣ ባህላዊ፣ ወንድ፣ ሥራ፣ ክር፣ ኢትዮጵያ፣ አፍሪካ ነው፤ ያውም በእንግሊዝኛ። እንግሊዝኛችሁ ባይጠና አትስጉ፤ ማን፣ ምን ሲያደርግ፣ የት የሚለውን የምትመልስ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ትበቃለች። ጎንደር በእንግሊዝኛ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ አላት፤ ሁለቱንም አስገቡ። ጤፍንም በአንድ «ኤፍ»ና በሁለት የሚጽፉ አሉ። ፋሲል ግቢን «የፋሲለደስ ቤተ መንግሥት» ብሎ የሚፈልግም አለ። ፎቶው ላይ የሌለውን ግን አትጻፉ። በጎንደር ግንብ ላይ «ላሊበላ» ብሎ መለጠፍ ፈላጊውን ያናድዳል፣ ኤጀንሲውም ይመልሰዋል።

ኤአይ መጥቶ የለም ወይ?

መጥቷል። አዶቤ ስቶክ በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የተሠራ ምስልን በ2022 መጨረሻ መቀበል ጀመረ። ጌቲ በዚያው ዓመት አልቀበልም አለ። በ2023 አዶቤ ያወጣው ፋየርፍላይ የሚባል ምስል የሚሠራ ኤአይ የተማረው በዋናነት ከአዶቤ ስቶክ ምስሎች ነው። ሻተርስቶክም ምስሎቹን ለኤአይ ማሠልጠኛ ይሸጣል፤ ለፎቶ አንሺዎቹ የሚያካፍለው ፈንድ አለው፣ የማይፈልግም አካውንቱ ላይ ገብቶ ሊከለክል ይችላል። አካውንት ስትከፍቱ ይህቺን ቦታ አንብባችሁ ወስኑ።

የኔ ግምት ይህ ነው። ማንም ሊያነሳው የሚችል፣ የትም ሊሆን የሚችል ፎቶ አብቅቶለታል። እጅ ለእጅ የሚጨባበጡ ሰዎች፣ የፀሐይ መጥለቂያ፣ ጠረጴዛ ላይ ያለ ፍራፍሬ፤ ይህን ማሽኑ በሰከንድ ይሠራዋል። ነገር ግን ጀበና ሥራልኝ ብትሉት የሻይ ማፍያ ዘመድ የመሰለ ነገር ሊሰጣችሁ ይችላል። የጥበቡን ቀሚስም ሊያዘበራርቀው ይችላል። በተወሰነ ቀን፣ በተወሰነ ቦታ የሆነን ነገር ደግሞ ጭራሽ ሊሠራው አይችልም፣ የዜና ሰዎችም አይቀበሉትም። ከጎንደር የሚነሳ ፎቶ ዋጋ ካለው እዚህ ጋ ነው።

ገንዘቡ እንዴት ይደርሳል?

ፎቶ ከመላካችሁ በፊት የክፍያውን ገጽ ክፈቱ። ኤጀንሲዎቹ በአብዛኛው በፔይፓልና በፔዮኒር፣ በኢንተርኔት ገንዘብ በሚያስተላልፉ ድርጅቶች፣ ነው የሚከፍሉት። ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ አለች ማለት ገንዘብ ትቀበላላችሁ ማለት አይደለም፤ መላክና መቀበል ለየብቻ ናቸው። መቀበል እንደሚቻል፣ ከዚያም ወደ ባንካችሁ በምን እንደሚገባ ሳታረጋግጡ መቶ ፎቶ መጫን የለባችሁም።

ብዙ ሰው አቋራጭ ብሎ የሚያስበው አሜሪካ ባለ ዘመድ ስም አካውንት መክፈት ነው። ተዉት። ኤጀንሲው የሚያስሞላችሁ የግብር ፎርም የሕግ ቃል ነው። አሜሪካዊ ላልሆነ ሰው ደብሊው-8ቢኢኤን ይባላል፣ ማን እንደሆናችሁና የት እንደምትኖሩ ፈርማችሁ ታረጋግጣላችሁ። በዘመድ ስም ከሆነ ገቢው የዘመዳችሁ ነው፤ ግብሩም፣ ጣጣውም። አካውንቱ አንድ ቀን ከታገደ የማን ፎቶ እንደሆነ ማስረዳት አትችሉም።

ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት የላትም። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ ላለ ገዢ ከተሸጠው ላይ 30 በመቶ ይቆረጣል፤ ከ33 ሴንቱ 23 ሴንት ይቀራል። ከሌላ አገር ገዢ የመጣው ላይ ግን ይህ አይቆረጥም። አገር ውስጥም ገቢ ነውና ሰብሰብ ሲል ገቢዎች ጎራ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፤ ኢንተርኔቱ። ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ እንደነበር የምንረሳው አይደለም። ባልተዘጋበትም ቀን አንድ ትልቅ ፋይል 90 በመቶ ደርሶ ሲቋረጥ ያበግናል። ስለዚህ ርእስና ቁልፍ ቃላትን ድረ ገጹ ላይ ተቀምጣችሁ አትሙሉ። ዲጂካም ወይም ዳርክቴብል የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፣ የጻፋችሁትንም (ዳርክቴብል ፎቶውን ኤክስፖርት ስታደርጉ) ፎቶው ፋይል ውስጥ ያስቀምጡታል። አንዴ ከጻፋችሁ ኤጀንሲዎቹ ራሳቸው ያነቡታል፤ ለየቦታው እንደገና መጻፍ የለም። ማታ ማታ ቤታችሁ ሆናችሁ አዘጋጁ፣ የሞዴል ሪሊዝ ወረቀቶቹን ከየፎቶው ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጡ። ኔትወርኩ ሲረጋጋ ወይም ጥሩ ዋይፋይ ያለው ጓደኛ ጋ ስትሄዱ በአንዴ ትጭኑታላችሁ።